ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የብጉር ክኒን ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ24 ዓመት ሴት ነኝ፤ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ጉንጬና አገጬ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ብጉር አለብኝ። ጓደኛዬ የሰጠችኝን ክሬም ስቀባ በሳምንት ጥርት አለልኝ፤ ሳቆም ግን ብሶ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ከሥሩ የሚነቅል ክኒን አለ ተባልኩ። ሠርጌ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ክኒኑ ጉዳት አለው? አዲስ የወጣ ሕክምናስ?

መልስ፦ ከክኒኑ በፊት ክሬሙን እንይ። በሳምንት ፊትን አጥርቶ ሲተዉት ብሶ የሚመለስ ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለበት። ቱቦውን ያንብቡ፤ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታሶን ካለበት ነገሩ ይኸው ነው። ስቴሮይድ የብጉሩን ቁጣ ያበርዳል እንጂ መንስኤውን አይነካም፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥር ያወጣል፣ ራሱም ብጉር ይፈጥራል። ለወራት ተቀብተውት ከሆነ በአንዴ ሲተዉት ፊት ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል፣ እንዴት እንደሚያቆሙት የቆዳ ሐኪም ይንገርዎ። ማቃጠሉ ሳይበርድ ከዚህ በታች ያሉትን ቅባቶች አይጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ያስታውሱ፦ የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ በአንዳንድ ሴቶች ብጉር ያባብሳል። የሚጠቀሙ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት።

የሕክምናው መሠረት ሁለት ቅባት ነው። ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ማታ አዳፓሊን 0.1%። ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% ይበቃል፤ 10% የሚጨምረው ማቃጠሉን እንጂ ውጤቱን እምብዛም አይደለም። ቀለም ስለሚያነጣ ሳይደርቅ ነጠላ አይልበሱ፤ ጥለቱን ያበላሸዋል። አዳፓሊን ደግሞ አንድ ፍሬ አተር የምታክል ለመላው ፊት ትበቃለች። ፊትዎን ታጥበው በደንብ ሲደርቅ፣ ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊትዎን በሙሉ በስሱ ይቀቡ፤ ዓይን ዙሪያንና የከንፈር ጠርዝን ይተዉ። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በየሦስት ሌሊቱ፣ ቀጥሎ ሌሊት እያለፉ፣ ቆዳዎ ሲለምድ በየሌሊቱ። በመጀመሪያው ወር መላጥ፣ መድረቅ፣ እንዲያውም ብጉር መጨመር ያጋጥማል። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ከመጠን ያለፈ ማቃጠል ራሱ ጥቁር ምልክት ትቶ ስለሚያልፍ አይቸኩሉ፤ ማለስለሻ ቅባትና የፀሐይ መከላከያም አይለዩዎት።

ብጉሩ ካበጠና መግል ከያዘ ዶክሲሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ክኒን፣ 100 ሚሊ ግራም፣ ይጨመራል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ወር ባይበልጥ ይመረጣል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡትና ግማሽ ሰዓት አይተኙ፤ በትንሽ ውኃ ውጦ የተኛ ሰው ክኒኑ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል። ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይውሰዱት። ክሊንዳማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ቅባት ለብቻው ከተቀቡት የብጉሩ ባክቴሪያ ቶሎ ስለሚለምደው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይሁን።

የሰሙት ክኒን አይሶትሬቲኖይን ነው። ጠባሳ ለሚተው ወይም በሌላው ላልዳነ ብጉር ከሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው እሱ ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ለእርስዎ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ማለት በቀን 30 ነው። ጠቅላላው ቢያንስ በኪሎ 120፣ ማለትም 7200 ሚሊ ግራም እንዲደርስ ይታሰባል፤ በቀን 30 እየወሰዱ 240 ቀን ይፈጃል። ሠርግዎ መሃል ላይ ይውላል ማለት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። መድኃኒቱ ፅንስ ላይ ከባድ የአንጎል፣ የልብና የጆሮ ጉድለት ያመጣል፤ ጥቂት ቀን ብቻ የተወሰደውም ቢሆን ደህና ነው አይባልም። ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት አንስቶ ካበቃ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ አስተማማኝ መከላከያ፣ ቢቻል ሁለት ዓይነት፣ ያስፈልጋል፤ የእርግዝና ምርመራም በየወሩ። ከሠርጉ በኋላ ቶሎ ለመውለድ ካሰቡ አሁን ባይጀምሩት እመክራለሁ።

ከዚህ ሌላ ከንፈር የማይደርቅበት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ዓይን ይደርቃል፣ አፍንጫ ይደማል፣ ጡንቻ ያማል። ጉበትና የደም ስብ ከመጀመሩ በፊትና በመሃሉ ይመረመራል። ከባድ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የስሜት መጨለም ከመጣ ያቁሙና ወዲያው ይታዩ። ከዶክሲሳይክሊን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ብዙው ስለማይመጠጥ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፤ በጾም ቀንም ዘይት የገባበት ሽሮ ይበቃል።

አገጭ ላይ ለሚያተኩር የአዋቂ ሴት ብጉር ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ክኒንም አለ፤ የወር አበባ ሊያዛባ ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜም አይወሰድም።

ከአዲሶቹ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 ክላስኮቴሮን 1% ክሬምን ፈቅዷል። ቆዳው ላይ የወንዴ ሆርሞንን ሥራ የሚገታ ሲሆን በቀን ሁለቴ ይቀባል፤ መቅላትና መላጥ ሊያመጣ ይችላል። በ2023 ክሊንዳማይሲን፣ አዳፓሊንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን በአንድ ቱቦ የያዘ ጄል ተፈቅዷል። በ1726 ናኖሜትር ሞገድ የወዝ ዕጢን የሚያሞቅ ሌዘርም አለ። የብጉር ክትባት ገና በሙከራ ላይ ነው። እነዚህን ለመጠበቅ ብለው ግን ሁለቱን ቱቦ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድንና አዳፓሊንን፣ አያዘግዩ፤ የጓደኛዎን ክሬም በአግባቡ አቁመው ቢጀምሯቸው እስከ ሠርግዎ የ12 ሳምንቱን ውጤት ለማየት ጊዜ አለ። ወደ ቆዳ ሐኪም ሲሄዱ የጓደኛዎን ክሬም ቱቦ ይዘው ይሂዱ፤ የመጨረሻ የወር አበባዎን ቀንም ጽፈው ይያዙ።