አለርጂ ላለበት ቤት የትኛው ውሻ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «ውሻ ማምጣት ፈልጋችሁ ቤታችሁ ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የምተዳደረው ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻ በማጠብና ፀጉር በመከርከም ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ፑድል የሚባለው የውሻ ዝርያ ፀጉሩ ስለማይረግፍ አለርጂ አይቀሰቅስም አሉኝ። እውነት ነው?

ፀጉሩ ብዙ አለመርገፉ እውነት ነው። ጥፋተኛው ግን ፀጉሩ አይደለም። የሚያስነጥሰን ከውሻው ምራቅ፣ ከቆዳው ፎረፎርና ከሽንቱ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ውሻው ራሱን ይልሳል፣ ምራቁ ፀጉሩ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ብናኝ ሆኖ ሶፋው ላይ ያርፋል። ምራቅ የሌለው ውሻ ደግሞ የለም።

በ2011 ዲትሮይት ውስጥ ተመራማሪዎች ውሻ ያለባቸውን ከ170 በላይ ቤቶች አቧራ ሰብስበው ለኩ። «ሃይፖአለርጂኒክ» (አለርጂ አይቀሰቅሱም) የሚባሉት ዝርያዎች ያሉበት ቤትና ሌላው ቤት ልዩነት አልነበረውም። በዓመቱ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራው ጥናት ደግሞ ይባስ ብሎ እነዚሁ ዝርያዎች ፀጉር ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ፕሮቲን አገኘ።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። ሙያዬ ሆኖ እንኳ! ሻጩ «ይሄ ለአለርጂ የተፈጠረ ነው» ሲለኝ አምኜ አንድ ነጭ ፑድል ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። በሦስተኛው የልጄ አፍንጫ እንደተበላሸ ቧንቧ መንጠባጠብ ጀመረ።

ኦባማም እኮ ለልጃቸው ብለው መርጠው ነው የወሰዱት?

አዎ፣ ማሊያ አለርጂ ስላለባት በ2009 ቦ የሚባል የፖርቹጋል ዋተር ዶግ (እሱም ፀጉሩ ብዙ የማይረግፍ ዝርያ ነው) ገባላቸው። ግን የዋይት ሐውስን ስፋትና የአጽጂዎቹን ብዛት ከባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችሁ ጋር አታወዳድሩት።

ታዲያ በምን ልምረጥ?

ዝርያውን ሳይሆን ውሻውን ምረጡ። አንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ የሚወጣው ፕሮቲን ከውሻ ውሻ በጣም ይለያያል።

ላብራዱድል የሚባለው ድቅል ውሻ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፈለገች፤ ባሏ ግን አለርጂ ነበረበት። አውስትራሊያ ውስጥ መሪ ውሾች የሚያራባው ዋሊ ኮንሮን ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። የሦስቱንም ፀጉርና ምራቅ ወደ ሃዋይ ላከ። ሰውዬውን ያልነካው የአንዱ ብቻ ነበር። አስቡት፤ አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ! ዛሬ «ዱድል» የሚል ስም ለጥፈው በሺህ ዶላር የሚሸጡላችሁ ይቺን የታሪኩን ክፍል ይዘልሏታል።

ስለዚህ እናንተም እንደ ኮንሮን ውሻውን አስቀድማችሁ ፈትኑ። መጀመሪያ ልጅቷን የአለርጂ ሐኪም ይመርምራት። እሱ «ሞክሩ» ካለ፣ የምታስቡትን ውሻ በንጹሕ ፎጣ ጀርባውንና አንገቱ ሥር ደህና አድርጋችሁ እሹት። ፎጣውን አምጥታችሁ የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ ጣል አድርጉት። ሁለት ሦስት ቀን ደህና ከሆነች ውሻው ዘንድ ውሰዷት፤ በር ተዘግቶ አንድ ሁለት ሰዓት ትጫወት። ሌላ ቀን ድገሙት። የአለርጂ መድኃኒት ወስዳ ከሆነ ግን ምልክቱ ላይታያችሁ ይችላል፤ ለፈተናው ማቆም ትችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በመጨረሻ ሻጩን ወይም መጠለያውን «ለሦስት አራት ሳምንት በአደራ ስጡን» በሉ። እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ጥላችሁት ውጡ።

ወንድ ይሻላል ሴት?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። ከፕሮቲኖቹ አንዱ የሚሠራው በወንድ ውሻ ፕሮስቴት በሚባለው እጢ ውስጥ ነው። የአንዳንድ ሰው አለርጂ ለዚያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሴት ወይም የተኮላሸ ውሻ ሊስማማው ይችላል። ለየትኛው ፕሮቲን እንደሆነ የሚለይ የደም ምርመራ ስላለ ሐኪሙን ጠይቁት።

አዲስ አበባ ነን። ውሻችን ግቢ ነው የሚያድረው፤ ልጄ ግን ጠዋት ጠዋት ያስነጥሰዋል። «ሳይነስ ነው» አሉን።

እኛ ጋ አፍንጫ የነካው ሁሉ ሳይነስ ነው! ጠዋት ከሆነ ፍራሹንና ብርድ ልብሱንም ጠርጥሩ፤ የአቧራ ተባይ አለ። የከሰልና የዕጣን ጭስም አለርጂ ባይሆን እንኳ አፍንጫን ያስቆጣል። ሳታስመረምሩ ውሻውን አታባርሩት። ግቢ ማደሩ ጥሩ ነው፤ ከውሻው ጋር ተጫውቶ ሲገባ እጁን ይታጠብ፣ ልብሱንም ይቀይር። የእብድ ውሻ ክትባቱን ደግሞ እንዳትረሱ።

ማጠብ ይረዳል?

ይረዳል፣ ግን በሦስት ቀን ገደማ ፕሮቲኑ ይመለሳል። በሳምንት ሁለቴ ካልሆነ ልፋት ነው። በውሻ ሻምፑ እጠቡት፤ የእናንተ ሻምፑ ቆዳውን ያደርቀዋል። የሚያጥበውና የሚያበጥረው አለርጂ የሌለበት ሰው ይሁን። መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ። ምንጣፍ ካላችሁ አንሱት።

ልጄ አስም አለበት፤ ባለፈው ወር ሁለቴ ድንገተኛ ክፍል ገብተናል።

ውሻው ይቅር። ስለዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ የኔንም የማንንም ምክር አትስሙ።

እናቴ ከኢትዮጵያ ልትመጣ ነው። «ውሻ ያለበት ቤት አልገባም» ብላለች።

ለዚህኛው አለርጂ መድኃኒት አልተገኘለትም።

ውሻው ገብቶ ካልተስማማን?

ውሻውን ማን እንደሚረከባችሁ ሳታመጡት በፊት ተነጋገሩ። ውሻው ሲሄድ ደግሞ ፕሮቲኑ አብሮት አይሄድም፤ ሶፋና ምንጣፍ ውስጥ ለወራት ይቆያል። «ሄዶም አልተሻላትም፣ ለካ ውሻው አልነበረም» ለማለት አትቸኩሉ።

የኛ ፑድል አሁን 15 ደቂቃ ርቀት ላይ ጓደኛዬ ቤት ነው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ጓሮ ውስጥ ኳስ ይወረውርለታል። ሲመለስ ሹራቡን በር ላይ አውልቆ በቀጥታ ወደ ሻወር።