ከዋናው ቢሮ ርቆ በሚገኝ ትንሽ ቡድን ውስጥ ስለ መሥራት ለጠየቁት

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሥራ ኦፈር እንደ ደረሰዎት፣ ቡድኑ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ በሌላ ከተማ የሚገኝ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበትና ከኩባንያው ውጭ ማንም የማያውቀውን የውስጥ ሲስተም የሚጠብቅ እንደ ሆነ ጽፈው «ልግባ ወይስ ሌላ ልጠብቅ? እዚያ ገብቼ ተረስቼ ብቀርስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ከደመወዙ ጋር ስለሚሰጥዎት የኩባንያው አክሲዮንም አንስተዋል። በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚሠሩ አልገለጹም፤ እኔ ግን እንደኔው በኤች ዋን ቢ (በአሠሪ በኩል በሚገኘው የአሜሪካ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) እንዳሉ ቆጥሬ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳት የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ከእኔ በፊት የመለሱት ወንድሞች «ስሙ ትልቅ ነውና ዓይንዎን ጨፍነው ይግቡ» ብለዋል። እኔም አይግቡ አልልም፤ ዓይንዎን ጨፍነው ግን አይግቡ።

አንደኛ፣ ሥራው የማይታይ መሆኑ ብቻውን አያስፈራዎት። የእኔ ቡድን ሥራ የኩባንያው ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁባቸውን የዲጂታል ሰርተፍኬቶች ጊዜያቸው ሳያልፍ ማደስ ነው። ለማንም ቢያወሩት እንቅልፍ የሚያመጣ ሥራ ነው፤ አንዱ ሰርተፍኬት ሳይታደስ ሲቀር ግን ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የማይክሮሶፍት ቲምስ ለሰዓታት በቆመ ጊዜ ዓለም አይቶታል። በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር ጀምሮ በብራውዘሮች ዘንድ ተቀባይነት ያለው የአንድ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደረገ፤ በ2025 ደግሞ ደረጃ በደረጃ እያጠረ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወሰነ። በእጅ እያደሱ መኖር የማይቻልበት ዘመን መጣ ማለት ነው። እኛ እድሳቱን በራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም ቀድመን ጽፈን ስለ ነበር፣ መኖራችንን እንኳ የማያውቁ ዳይሬክተሮች ዛሬ ስብሰባ ይጠሩናል። ይህን ስጽፍ ኩራት እንደሚሰማኝ አልደብቅም።

ችግሩ ግን እንዲህ ያለ ሥራ በትክክል ሲሠራ ድምፅ የለውም፤ ለዕድገት የሚወዳደር ሰው ደግሞ የሚዳኘው የቡድኑን ስም ሰምተው በማያውቁ ሰዎች ነው። «ምንም ችግር አልተፈጠረም» የሚል ዓረፍተ ነገር በዕድገት ማመልከቻ ላይ ምንም አይመዝንም። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ደግሞ ስለ ራሳችን መናገር ይከብደናል። እኔ የማደርገው በየወሩ ግማሽ ገጽ መጻፍ ነው፤ የትኛው አገልግሎት በእኛ ላይ እንደሚደገፍ፣ በዚያ ወር ስንት ሰርተፍኬት እንደ ታደሰ፣ ባይታደስ ኖሮ የትኛው ክፍል ይቆም እንደ ነበር ዘርዝሬ ለአለቃዬና ለአለቃዬ አለቃ እልካለሁ። መልስ ባይሰጡበትም ፋይሉ አለ።

ሁለተኛ፣ የቡድኑ ተቆርቋሪ ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። ርቀት በራሱ ጉዳት አይደለም። አይቢኤም በኦገስት 1981 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፒሲ የተሠራው ኒው ዮርክ አርሞንክ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን ፍሎሪዳ ውስጥ በቦካ ራቶን፣ በዶን ኤስትሪጅ በሚመራ ትንሽ ቡድን ነው። ሆኖም ያ ቡድን የኩባንያውን ልማድ ወደ ጎን ትቶ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ማግኘት የቻለው የበላይ አመራሩ ከጀርባው ስለ ቆመለት ነው። የእኛ ጥግ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረውም። ቡድኑን ያቋቋሙት ኃላፊ ሲለቁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተላለፍን፤ እያንዳንዱ አዲስ አለቃም መኖራችንን የሚያውቀው ከስም ዝርዝር ላይ ነበር።

ቢሯችን ዴንቨር አካባቢ ነበር። እኔም በዚያው አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከወገን መካከል ቤት ተከራይቼ፣ ልጆቼም ትምህርት ቤት ለምደው፣ ለግሪን ካርዱ የፐርም (አሠሪው ለመደቡ ብቁ የአገሬው ሠራተኛ እንዳላገኘ ለሥራ ሚኒስቴር የሚያስረዳበት የመጀመሪያው እርከን) ማስታወቂያ ወጥቶ ማመልከቻው ሊገባ ሲል፣ የፎቁ ኪራይ እንደማይታደስና ቡድኑ በሙሉ ወደ ዋናው ቢሮ ከተማ እንደሚዛወር በኢሜይል ተነገረን። ወቅቱ ሜታ 11,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ ጉግል 12,000 ሠራተኞች እንደሚቀንሱ ያስታወቁበት የ2022 መጨረሻና የ2023 መጀመሪያ ስለ ነበር፣ ደመወዛችን ሳይነካ፣ የጓዛችንም ማጓጓዣ ተከፍሎልን መዛወራችንን ሁላችንም «ተመስገን» ብለን ተቀበልን።

ማንም ያልነገረን፣ ፐርም የሚጠየቀው በተወሰነ አካባቢ ላለ የተወሰነ የሥራ መደብ መሆኑን ነው። የሚወጣው ማስታወቂያም ሆነ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የሚወስነው የደመወዝ ልክ የሚታየው ከዚያ አካባቢ የሥራ ገበያ አንጻር ስለ ሆነ፣ ሥራው ያው ሆኖ ከተማው ሲለወጥ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። በዚህ ላይ፣ በአካባቢው በተመሳሳይ ሙያ ሠራተኛ የቀነሰ ኩባንያ ቅነሳው ስድስት ወር ሳይሞላው ፐርም ሊያስገባ ቢፈልግ ለተቀነሱት ሰዎች ማሳወቅና እነርሱን ማገናዘብ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች ማስገባቱን ጨርሰው ያቆማሉ። እኛ የተዛወርንበት ከተማ ደግሞ ዋናው ቅነሳ የተካሄደበት ነበር። ኤች ዋን ቢ በመደበኛው ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለማራዘም ወይ ፐርሙ ወይ አይ 140 (ከፐርሙ ቀጥሎ አሠሪው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው ማመልከቻ) ከገባ 365 ቀን ሊሞላው ይገባል፣ አለዚያም አይ 140 ጸድቆ የግሪን ካርድ ቪዛ ወረፋ የሚጠበቅ መሆን አለበት። ለእኛ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የቪዛው ወረፋ እንደ ሕንድና እንደ ቻይና ተወላጆች አይረዝምምና ጊዜያችንን በብዛት የሚበላው ፐርሙ ነው። በአንጻሩ አይ 140 አስቀድሞ ጸድቆለት የነበረው ሕንዳዊ ባልደረባዬ፣ ፐርሙ እንደገና ቢጀመርም በቪዛው ወረፋ የያዘውን የድሮ የተራ ቀን ይዞ ቀጥሏል።

ይህን ሁሉ ሊነግረን ይገባ የነበረው የኩባንያው የኢሚግሬሽን ክፍል ነው። ክፍል ይባል እንጂ እኛ ከቲኬት (ጥያቄ በኮምፒውተር ከሚቀርብበት ቅጽ) በስተቀር ሰው አላየንበትም። ከመዛወሬ በፊት «ዝውውሩ ፐርሜን ይነካዋልን?» ብዬ በአንድ መስመር ጠየቅሁ። ስለ ዝውውር በጥቅሉ የሚያወራ ገጽ ሊንክ ላኩልኝና ቲኬቱን «ተፈትቷል» ብለው ዘጉት። እንደገና ስከፍተው ሌላ ስም ያለው ሰው «ማናጀርዎን ያማክሩ» አለኝ፤ ማናጀሬም «እነሱን ጠይቅ» አለኝ። ጓዜን ጠቅልዬ ከሄድኩ በኋላ ፋይሌ «በቦታ ለውጥ ምክንያት» መዘጋቱን የሚገልጽ መልእክት መጣ። በስንት ልመና በስልክ ያገኘኋት ሴት «ዝውውሩን ፈርመው የተቀበሉት እርስዎ ነዎት» ብላ፣ ሌላ ጥያቄ እንዳለኝ ጠይቃ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። ፋይሉ እንደገና የተከፈተው በራሴ ገንዘብ ጠበቃ አማክሬ፣ የቀረኝን ጊዜ ቁልጭ አድርጌ በአንድ ገጽ ለዳይሬክተሩ ከጻፍኩ በኋላ ነው። የፐርሙን የጠበቃ ወጪ በሕግ አሠሪው ስለሚሸፍን የኩባንያው ጠበቃ ይበቃኛል ብለው እንዳይዘናጉ፤ ያ ጠበቃ መመሪያ የሚቀበለው ከኩባንያው ነው።

ስለዚህ ሳይፈርሙ ቅጥሩን ለሚያካሂደው ሪክሩተር በኢሜይል ይጻፉ፦ የቢሮው ኪራይ እስከ መቼ ነው? ፐርሙ ከገባሁ በስንት ጊዜ ይጀመራል? ቢሮው ቢዘጋ ከመዛወሬ በፊት ጉዳዬን በጽሑፍ የሚያየው ማን ነው? ከመግባትዎ በፊት የሚጻጻፉት በግል ኢሜይልዎ ስለሆነ መልሱ በእጅዎ ይቀራል፤ የኩባንያው ኢሜይል ግን በተሰናበቱበት ቀን ሊዘጋ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አሠሪ ለማግኘት የሚሰጥዎት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።

ስለ አክሲዮኑ የጠየቁት ቀላል ነው፤ በየስንት ጊዜው በእጅዎ እንደሚገባ የሚያሳየውን ሰሌዳ ይዩ፣ ከግሪን ካርዱ ጋር ግን አያነጻጽሩት። ሦስቱንም ጥያቄ በጽሑፍ ከመለሱልዎት ይግቡ፤ ሥራው የሚወደድ ሥራ ነው። «ሲገቡ እንነጋገርበታለን» ካሉ ግን ሌላ ኦፈር ቢጠብቁ እመርጣለሁ። መልሳቸው ሲደርስዎት ስሞቹን አጥፍተው እዚሁ ይለጥፉት፤ በዚህ መንገድ ያለፍን ሌሎችም አለንና አብረን እናየዋለን።