«በጃፓን እስከ 4ኛ ክፍል ፈተና የለም» ለሚለው ጥያቄ፦ እዚያው የማስተምር ሰው መልስ

መምህር፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። የ3ኛ ክፍል አስተማሪ እንደሆኑ ገልጸዋል። በጃፓን እስከ 4ኛ ክፍል ፈተና እንደሌለ፣ ጽዳት ሠራተኛም እንደሌለና ልጆቹ ራሳቸው እንደሚያጸዱ የሚያወራ ቪዲዮ አይተው «እውነት ነው ወይ? እኛስ ምን መውሰድ እንችላለን?» ብለዋል። እኔ የምሠራው ሺዙኦካ በሚባለው ግዛት፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። በመንግሥት አንደኛ ደረጃና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርኩ ረዳት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። እስከ 8ኛ ክፍል ደሴ ተምሬ ከቤተሰቤ ጋር ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ጃፓን የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ፣ መንግሥታቸው ከ1987 ጀምሮ የውጭ አገር ወጣቶችን በሚያስመጣበት ጄት በሚባለው ፕሮግራም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የፈተናው ወሬ ልክ አይደለም። 1ኛ ክፍል ላይ ያሉ ልጆችም ይፈተናሉ። የሒሳብ ወይም የቋንቋ አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ከአሳታሚ የተገዛ፣ ባለ ቀለም ሥዕል የፈተና ወረቀት ይታደላል። የክፍሉ መምህር በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ከመቶ ይሰጣል፤ ልጁም ቤት ወስዶ ያሳያል። ከዚህ ሌላ የካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የተወሰዱት የጽሕፈት ምልክቶች፣ ፈተና አለ። 1ኛ ክፍል ላይ 80 ካንጂ ይማራሉ፤ 6ኛ ክፍል ሲጨርሱ 1,026 ይደርሳል። ያን ሁሉ ያለ ተደጋጋሚ ፈተና የሚያውቅ ልጅ የለም። ወሬው ከምን እንደተነሣ ግን ይገባኛል። ትንንሾቹን ከክፍል የሚጥል ፈተና የለም፣ ደረጃ አውጥቶ «አንተ 1ኛ፣ አንቺ 34ኛ» የሚል ካርድ የለም፣ ክፍል መድገምም የለም ማለት ይቻላል። የሥነ ምግባር ትምህርት ደግሞ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አለው፤ በ2018 ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። እነዚህ ተደባልቀው «ፈተና የለም፣ ሥነ ምግባር ብቻ ነው» የሚል ወሬ ወለዱ። ጭንቀቱ የሚመጣው ኋላ ነው። ግዴታው ትምህርት 9 ዓመት ነው፤ 9ኛው ዓመት ላይ ያሉት ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ከመኸር ጀምሮ ፊታቸው ይለወጣል። ማታ ማታ የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ አምሽተው ጠዋት ክፍል ውስጥ ዓይናቸው የሚከደን ልጆች አሉ።

ጽዳት ሠራተኛ የለም የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አጥር የሚጠግኑ፣ ሣር የሚያጭዱ፣ የተሰበረ በር የሚያስተካክሉ ሠራተኛ በየትምህርት ቤታችን አሉ። ክፍሉን፣ ኮሪደሩን፣ ደረጃውንና በብዙ ቦታ መጸዳጃ ቤቱን ግን በየቀኑ የሚያጸዱት ልጆቹ ናቸው። ከምሳ በኋላ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ለ15 ደቂቃ ያህል ሁሉም ይሠራል። አንዱ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቡድኑ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የተቀላቀለ ነው። የ6ኛ ክፍሏ ልጅ የ1ኛ ክፍሉን ልጅ እጅ ይዛ ጨርቅ እንዴት እንደሚጨመቅ ታሳየዋለች። ጨርቁን እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ያመጣል። መምህራኑም አብረው ጎንበስ ብለው ይወለውላሉ፤ እኔም የተመደበልኝ ደረጃ አለ።

መምህር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ሰው የሚያስበው ቦታ ላይ አይደለምና። እኛም እኮ እናጸዳ ነበር። ደሴ ስማር ተረኛ ነበረን፤ ውኃ ረጭተን ክፍል ጠርገናል፣ ሰሌዳ አጥፍተናል። ግን ያረፈደ ልጅ ግቢ እንዲጠርግ ይታዘዝ ነበር፤ የረበሸም መጸዳጃ ቤት ይላክ ነበር። ስለዚህ መጥረጊያ የያዘ ልጅ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አጥፍቶ ነው?» ነበር። እዚህ ጽዳትን ቅጣት ሲያደርጉ አላየሁም። ጎበዙም ሰነፉም፣ የሐኪም ልጅም የዓሣ አጥማጅ ልጅም በተራው መጸዳጃ ቤት ይደርሰዋል፤ መምህሩም ጎኑ አለ። ለእኔ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ሥራውን የሚያስከብረው ሁሉም ሰው መሥራቱ ነው።

የክፍል አለቃ ነገርም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ አለቃ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጎበዙ ወይም ጉልበተኛው ነበር፤ ሥራውም የረባሽ ስም ጽፎ ለመምህር መስጠት ነው። እዚህ ኒቾኩ የሚባል የቀን ተረኛ አለ፤ በስም ዝርዝር ቅደም ተከተል ሁሉንም ይደርሳል። «ተነሡ፣ እጅ ንሡ፣ ተቀመጡ» እያለ ትምህርቱን የሚያስጀምረውና የሚያስጨርሰው እሱ ነው፤ የጠዋቱንና የመውጫውን የክፍል ስብሰባም ይመራል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ድምፅዋ ከአጠገቧ ላለ ሰው እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰማው። ተራዋ ሲደርስ ማንም አይዘላትም። ሠላሳ ልጆች ጸጥ ብለው ይጠብቋታል፤ መምህሩም አፉን ይዞ ይጠብቃል። ቀኑ ሲያልቅ ያንኑ በቀጭን ድምፅዋ ትጨርሰዋለች። እኛ ጋ ብትሆን ኖሮ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ጊዜም ከሰው ፊት ሳትቆም ታልፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ጠዋት የሚመጡትም በተራና በኃላፊነት ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች ተሰብስበው በሰልፍ በእግር ይመጣሉ፤ የ6ኛ ክፍል ልጅ ከፊት ይሆናል፣ ትንንሾቹ መሃል ይገባሉ። መሻገሪያው ላይ ቢጫ ባንዲራ የያዙ ጡረተኞችና ወላጆች መኪና ያስቆማሉ። በር ሲደርሱ የውጭ ጫማቸውን አውልቀው ስማቸው በተለጠፈበት መደርደሪያ ያስቀምጡና የውስጥ ጫማ ያደርጋሉ።

ምሳው ብዙ የሚያስተምር ሰዓት ነው። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ የወጣው በ1954 ነው፤ ከሚቀርበው ምግብ ጋር 200 ሚሊ ሊትር ወተት በየቀኑ ማለት ይቻላል አለ። ተረኞቹ ነጭ ካፖርትና ቆብ ለብሰው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው ድስቱን ከመኪና ማራገፊያው ተሸክመው ያመጣሉ፤ ለጓደኞቻቸው ይጨልፋሉ። ርዕሰ መምህሩ ቀድመው ቀምሰው ደኅና መሆኑን ካላረጋገጡ ለልጆቹ አይቀርብም። ሁሉም ሳይደርሰው ማንም ማንኪያ አያነሣም። የተረፈ ነገር ካለ የሚፈልጉት ተነሥተው በእጅ ጨዋታ ዕጣ ይጣጣላሉ። ዓርብ ዕለት ተረኞቹ ነጩን ካፖርት ቤት ይወስዱና አጥበው፣ ተኩሰው ሰኞ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ሌላ ልጅ የሚለብሰውን ልብስ አጥቦ ሲያመጣ ማየት እጅግ ደስ ይለኛል።

በሌላ በኩል ጾመኛ ለሆነ ሰው ምሳው ይከብዳል። ወተቱ አለ፤ ሾርባውና አትክልቱ ሳይቀር በደረቀ ዓሣ መረቅ ይሠራል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ቀደም ብዬ ነግሬ ምሳዬን ለጊዜው አስቆማለሁ፤ ምስር ወጥ በሩዝ ይዤ መጥቼ ከልጆቹ ጋር እበላለሁ። በአለርጂ ምክንያት ከቤቱ ምሳ የሚያመጣ ልጅ በየክፍሉ ስላለ እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም። «ሴንሴ (መምህር)፣ ዛሬም ያንን ቀይ ምግብ ነው?» ይሉኛል። ወደዚህ የሚመጣ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ይናገር።

ስለ እኔ ሥራም ጠይቀዋል። እንግሊዝኛ ከ2020 ጀምሮ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ውጤት የሚሰጥበት መደበኛ ትምህርት ሆኗል፤ 3ኛና 4ኛ ክፍል በጨዋታና በዘፈን ይለማመዳሉ። እኔ ብቻዬን አላስተምርም፤ ከክፍሉ መምህር ጋር አብረን ነው የምንቆመው። አንዳንዱ መምህር ዕቅዱን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ አንቀጹን እንዳነብና ልጆቹ እንዲደግሙ ብቻ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃው አይገፋም። አንደኛ ደረጃ ያሉት ልጆች እጃቸውን እያወጡ ይሻማሉ። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ግን ያው ልጆች ዝም ይላሉ። ጥያቄ ጠይቄ ክፍሉ ጭጭ ሲል የማያውቁ መስሎኝ እጨነቅ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ያውቃሉ፤ ሰው ፊት መሳሳትን ነው የሚፈሩት። መጀመሪያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲነጋገሩበት ሁለት ደቂቃ ስሰጣቸው መልሱ ይመጣል። ይህ ዘዴ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

የሐበሻነቴ ነገርስ? ፀጉሬን መንካት የሚፈልጉ ትንንሾች ነበሩ፤ አሁን ለምደውኛል። ሽማግሌዎቹ ግን ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ወዲያው «አበበ!» ይላሉ። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ፤ ከመስመሩ ካለፈ በኋላም ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬ አያቶች ናቸው፤ መሻገሪያው ላይ ባንዲራ የሚይዙትም እነሱ ናቸው። በብርዱ ወራት የትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር ሲደርስ አያቶቻቸው ስለ አበበ የነገሯቸው ልጆች አብሬያቸው እንድሮጥ ይለምኑኛል። እሮጣለሁም።

አሁን ቪዲዮው ወደማያሳየው ልምጣ። ይህ ሁሉ ሥርዓት በጃፓን ልጆች ደም ውስጥ የተገኘ አይደለም። ኤፕሪል ላይ የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር የ1ኛ ክፍል መምህራን ጫማ አቀማመጥ፣ ቦርሳ አሰቃቀል፣ ጨርቅ አጨማመቅ አንድ በአንድ፣ ቀን በቀን ሲያስተምሩ አያለሁ። ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የመምህራን ክፍሉ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ሁሉም ጠረጴዛውን ገጥሞ ይቀመጣል፤ ማታ ስወጣ ግማሹ እዚያው አለ። የቤት ሥራ ይታረማል፣ ወላጅ ይደወልለታል፣ የስፖርት ክለብ ይመራል፤ ልጅ ከግቢ ውጭ ካጠፋም ስልኩ የሚመጣው ለትምህርት ቤቱ ነው። በ1971 በወጣ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የትርፍ ሰዓት ክፍያ የላቸውም፤ በምትኩ የደመወዛቸው 4 በመቶ ይጨመርላቸው ነበር። በ2025 ሕጉ ተሻሽሎ ቀስ በቀስ ወደ 10 በመቶ እንዲያድግ ተወስኗል። ከእኔ ጋር ያስተማረች አንዲት ወጣት መምህርት ሥራዋን በጣም እየወደደች በድካም ምክንያት ለቃለች።

ልጆቹም ሁሉ አይችሉትም። በ2023 የትምህርት ዘመን በአንደኛ ደረጃና በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ከ300 ሺህ በላይ ልጆች 30 ቀንና ከዚያ በላይ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ሕመምና የገንዘብ ችግር ሳይቆጠር ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት በሚያደርግበት ቦታ ትንሽ ለየት ያለ ልጅ ይጨነቃል። እኔ ከማስተምርባቸው ክፍሎች ባዶ ወንበር የሌለበት ጥቂቱ ነው። ክፍል መግባት ያቃታቸው ልጆች ወደ ነርሷ ክፍል ብቻ መጥተው ይውላሉ፤ እሷም ቀጠሮ ሳትሰጥ፣ «ለምን?» ሳትል ትቀበላቸዋለች። ከሁሉ የማከብረው ሥራ የእሷ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምዱን። በ1923 ቶኪዮንና አካባቢውን ያወደመው መንቀጥቀጥ የደረሰው ሴፕቴምበር 1 ቀን ስለነበር ያ ቀን በየዓመቱ የአደጋ መከላከያ ቀን ነው። በየወንበሩ በጥጥ የታጨቀ የራስ መሸፈኛ አለ። ደወሉ ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ፣ ከዚያ ሸፍነው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ እኛ ባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆንን ኮረብታም እንወጣለን። አዲስ አበባ ሳይቀር በ2025 መጀመሪያ በአፋር በኩል የነበረው መንቀጥቀጥ ተሰምቶ ነበርና፣ ለዚህኛው ገንዘብ እንኳ አያስፈልግም፤ ለልጆችዎ የት እንደሚገቡና በየት በር እንደሚወጡ ማሳየት ይበቃል።

ምን እንውሰድ ላሉት የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፈተናውን አይተዉ። ጽዳትን ከቅጣት ይለዩት፤ እርስዎም መጥረጊያ ይያዙ። አለቃነቱን በስም ዝርዝር ያዙሩት፤ ዓይን አፋሯን አይዝለሏት። 50 እና 60 ልጅ ባለበት ክፍል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ አንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል ከ35 እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። ተራ ማዞሩ ግን በ60ም ይሆናል፤ ዓመቱ ለሁሉም ይበቃል።

መጥተው በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ የጃፓን መንግሥት በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የሚሰጠው የሥልጠና ስኮላርሺፕ አለ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል፤ ዕድሜ ከ35 በታችና የ5 ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠይቃል። በየአገሩ የሚቀበለው ኤምባሲያቸው ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለውን ዘንድሮ ማስታወቂያ ያወጣ እንደሆነ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ ለምን እንደሚመጡ የሚያስጽፍ ክፍል አለ፤ እሱን ሲጽፉ ረቂቁን በውስጥ ቢልኩልኝ አነብልዎታለሁ።