ሰሙ ያጠነክራል እንጂ አያስታርቅም

እህቴ፣ ከአዘዞ የላክሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የንብ ሰም፣ የኑግ ዘይት፣ ከግቢሽ የቆረጥሽው እሬት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ አዋህደሽ የፊት ክሬም ሠራሽ፤ በማግስቱ ውሃው ከሥር ወጣ፣ በሳምንቱ ሽታው ተለወጠ። «ሰም ብጨምርበት ይይዝልኛል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሦስት ሰዎች «ጨምሪ» ስላሉሽ ነው እንቅልፌን ትቼ የምጽፈው። አይይዝልሽም። እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ ግማሽ ኪሎ ሰም ጨርሻለሁ፤ ያተረፍሁት እንደ ጧፍ የደረቀ ነገርና ከሥሩ የተኛ ያው ውሃ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ሳሙና በር ነው፤ በሰፈሬ ስም ብዙ ተቀልዶብኛልና እናንተ ተዉልኝ። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ኬሚስት አይደለሁም። ክሬምና የፀጉር ቅባት በቤቴ መሥራት ከጀመርሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የሙያዬ አመል ሆኖብኝ የገባውንም የወጣውንም በግራም ስለምመዘግብ፣ ምን እንዳበላሸሁ ከደብተሬ አያመልጥም።

ውሃና ዘይት እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የገባኝ እናቴ ቅቤ ስትንጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። እርጎ ማለት ውሃ ውስጥ የተበተነ ቅባት ነው። እያንዳንዷ የቅባት ጠብታ ስስ ሽፋን ለብሳለች፤ ሽፋኑ እስካለ ድረስ ጠብታዎቹ ቢነካኩም አይዋሃዱም። ቅሉ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ቅባቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ አሬራው ለብቻው ይቀራል። የወጣው ቅቤም ቢሆን ንጹሕ ቅባት አይደለም። ከመቶው 16 ያህሉ፣ በቤት ሲናጥ ደግሞ ከዚያም የሚበልጠው ውሃ ነው፤ አሁን በተራው ውሃው ነው በቅባቱ ውስጥ የተበተነው። ቅቤ ስታነጥሪ ድስቱ ላይ የሚንጣጣው እሱ ነው፤ ድምፁ ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል። ክሬም ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ እንደ እርጎው ዘይቱ በውሃ ውስጥ ነው፣ ወይ እንደ ቅቤው ውሃው በዘይት ውስጥ ነው። ፊት ላይ ሳይጨቀይ የሚገባው የመጀመሪያው ነው፤ አንቺም የፈለግሽው እሱን ይመስለኛል።

ያንን ሽፋን የሚሆን ነገር ግን ከዘረዘርሽው ውስጥ የለም። ሽማግሌ የሚሰማው ከሁለቱም ወገን ዘመድ ሲኖረው ነው፤ እዚህም የሚያስፈልገው አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን የሚወድ አስታራቂ ነው። ሻጮች ኢመልሲፋየር ይሉታል። ሰም ግን ከነነፍሱ የዘይቱ ወገን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ያጠነክራል እንጂ ከውሃው ጋር ዝምድና የለውም። «ድሮ ኮልድ ክሬም በሰም ይሠራ አልነበረም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሠራ ነበር፣ ግን ቦራክስ ከሚባል የማዕድን ጨው ጋር። በሰሙ ውስጥ ያለው ጥቂት ነፃ አሲድ ከቦራክሱ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ ያስታረቀው ያ ሳሙና ነው። እኔ ቦራክስ አልጠቀምም፤ ለሕፃናትና ለቆሰለ ቆዳ ጨርሶ አይሆንም። ሎሚሽ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ እንደዚህ ያለ ሳሙና ቢኖርልሽ እንኳ አሲዱ ያፈርሰዋል።

ለጀማሪ የምመክረው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ የሚባለውን ነጭ ቅርፍት ነው። ብዙውን ጊዜ ሴቴያሪል አልኮል እና ፖሊሶርቤት 60 ተቀላቅለው የሚሸጡበት ነው፤ አልኮል የሚለው ስም አያስደንግጥሽ፣ እንደ ሰም የሚረጋ ለስላሳ ነገር ነው። ስትገዪ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ዋክስ ክሬም አልሠራ ብሎኝ ሦስት ቀን ራሴን ስወቅስ ከረምሁ። በመጨረሻ በሻይ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ቀዳሁና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጥዬ አማሰልሁ። እውነተኛው ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ውሃውን ወተት ያስመስለው ነበር። የእኔው ግን እንደ ቅልጥም ሾርባ ዓይን ዓይን ሠርቶ ተንሳፈፈ፤ ሲበርድም ብርጭቆው አፍ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ረጋ። የተሸጠልኝ ፓራፊን የሚባለው የሻማ ሰም ነበር፣ ያውም ሁለት ኪሎ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆዋን ሳልሞክር ገንዘብ አልከፍልም።

ሒሳብ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌሎቻችሁ እለፉት። ግሪፊን የተባለ ኬሚስት በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለእያንዳንዱ አስታራቂ ቁጥር ሰጠው፤ ኤችኤልቢ ይባላል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ወደ ዘይት፣ ከፍ ሲል ወደ ውሃ ያደላል። ግሊሰሪል ሞኖስቴሬት የሚባለው አስታራቂ 3.8፣ ፖሊሶርቤት 80 የሚባለው ደግሞ 15 ነው። የሰሊጥ ዘይት በውሃ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ 7 አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአስታራቂው ከመቶው 71 እጁ የመጀመሪያው፣ 29 እጁ ሁለተኛው ቢሆን ሒሳቡ ይገጥማል። የሀብትና ዕዳ መግለጫ ሲመጣጠን ያለው ደስታ እዚህም አለ። ሆኖም ቁጥሩ መነሻ ነው፤ የሚፈርደው ብልቃጡ ነው።

አሁን ሳበላሽ ኖሬ የጸናልኝን የ100 ግራም ቀመር ልስጥሽ። የተጣራ ውሃ 71.2 ግራም፣ ግሊሰሪን 4፣ ዛንታን ሙጫ (ውሃውን የሚያወፍር ዱቄት) 0.3፤ ይህ የውሃው ወገን ነው። የሰሊጥ ዘይት 14፣ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ 6፣ ሴቲል አልኮል 2፣ የንብ ሰም 1፤ ይህ የዘይቱ ወገን ነው። ሲበርድ የሚገባው ቫይታሚን ኢ 0.5 እና ፕሪዘርቫቲቭ (ተሕዋስ እንዳይራባ የሚከላከል ማቆያ) 1 ግራም ነው። ሰሙን እንዳልጠላሁት እይልኝ፤ ቦታው 1 ግራም ነው። በማንኪያ አትለኪ፤ እስከ 0.1 ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ግዢ። የአንድ ሰው ማንኪያ ከሌላው ይለያል፤ ያው ሰው እንኳ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይሞላም።

ዛንታኑን በቀጥታ ውሃ ላይ ከበተንሽው እንደ ገንፎ ዱቄት ይጓጉልና ስትፈጪው ትውያለሽ፤ አስቀድመሽ በግሊሰሪኑ ለውሽው። ከዚያ ሁለቱን ወገኖች በየብርጭቋቸው አድርገሽ በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ 70 እስከ 75 ዲግሪ እስኪደርሱ አሙቂያቸው። ብዙ ሰው ዘይቱን አግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምርበታል፤ ሰሙ እዚያው ይረጋና አስታራቂው ሥራውን ሳይጀምር ያልቃል። ሁለቱም እኩል ሲሞቁ አዋህጃቸውና የእጅ ብሌንደሩን ጭንቅላቱ ከፈሳሹ ሳይወጣ፣ አረፍ እያልሽ ለጥቂት ደቂቃ አሽከርክሪ። ጠብታው ባነሰ ቁጥር ይጸናል፤ ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። በእጅ ማማሰያ ይህን ማግኘት ውሃ መውቀጥ ነው። ከዚያ ከ40 ዲግሪ በታች እስኪወርድ በቀስታ እያማሰልሽ ጠብቂው፤ ትቼው ቡና ላፍላ ያልሁባቸው ቀናት ሁሉ በደብተሬ በቀይ ተጽፈዋል። በመጨረሻ መዝኚው፤ በእንፋሎት የጎደለውን ያህል የተጣራ ውሃ መልሺ።

ቴርሞሜትር የገዛሁ ሰሞን ውሃው ድስቱ ላይ እየተንተከተከ 93 ላይ ቢቆምብኝ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ሄጄ ነበር። ለካስ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ለክሬሙ 75 ይበቃናልና ችግር የለውም፤ ብልቃጥ ቀቅለሽ የምታጸጂ ከሆነ ግን ጊዜውን አርዝሚ። እኔ ከታጠበ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል እረጨዋለሁ፤ 96 በመቶው ቶሎ ስለሚተን ከእሱ ይልቅ 70ው ይሻላል።

ውሃውም ራሱ ነገር አለው። የቧንቧ ውሃ፣ ከአንገረብ ግድብ ይምጣ ከጉድጓድ፣ ማዕድን ስላለበት አንዳንዱን አስታራቂና ሙጫ ያውካል። የተጣራ ውሃ ግዢ። መኪና ዕቃ መሸጫ ገብተሽ «የባትሪ ውሃ» ብለሽ እንዳትገዢ አደራ፤ በዚያ ስም ሰልፈሪክ አሲድም ይሸጣል።

ስለ ሽታው እንነጋገር። ውሃውን ማፍላትሽ ጥሩ ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት የነበረውን ተሕዋስ ነው የገደልሽው፤ በጣትሽ፣ በብልቃጡና በእሬቱ አዲስ ገብቷል። ውሃ ያለበት ክሬም ያለ ፕሪዘርቫቲቭ አይቆይም፤ ይህን ስል «ተፈጥሯዊ አይደለም» የሚለኝ አላጣሁም፤ ሻጋታም ተፈጥሯዊ ነው። የምጠቀመው ፌኖክሲኤታኖል ከኤቲልሄክሲልግሊሰሪን ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ነው፣ ከ1 በመቶ አላሳልፍም። ሶዲየም ቤንዞኤት ካገኘሽ የሚሠራው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 በታች ሲሆን ነውና የፒኤች ወረቀት ያስፈልግሻል። ቫይታሚን ኢ ይህን ሥራ አይሠራም። እሱ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ ባክቴሪያን ግን ምንም አይለውም። ክሬምሽ ንጹሕ መስሎ መታየቱም አያሳምንሽ፤ ሻጋታ በዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙ ነገር ቀድሞት ገብቷል።

እሬቱን ለጊዜው ተዪው። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ወተት ቆዳ ያስቆጣል፤ ነጩ ጄልም ለተሕዋስ ምግብ ነው፣ በውስጡ ያለው ጨውም ክሬሙን ያሳሳዋል። አንድ ጊዜ ለእኅቴ ልጅ ሠርግ በትኩስ እሬት የሠራሁትን ሰጥቼ በማግስቱ የሙሽራዋ ፊት ሽፍ ብሎ አየሁ። የማን ጥፋት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ በየጥምቀቱ ይነሣብኛል። ትኩሱን መቀባት ከፈለግሽ በዕለቱ ቆርጠሽ፣ ቢጫውን አንጠባጥበሽ፣ ለብቻው ተቀቢው።

የኑግ ዘይት ለወጥ እንጂ ለብልቃጥ አይደለም። አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ስለሆነ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ከሸተተሽ ውስጥ ግማሹ እሱ ይሆናል። በሰሊጥ የበለጸገ አገር ላይ ተቀምጠን ለምን ሌላ እንደምንፈልግ አይገባኝም። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ዘይት ሰሳሞል የመሰሉ የራሱ መከላከያዎች ስላሉት ከኑጉ የተሻለ ይቆያል። ከመጭመቂያ ቤት የምታመጪው ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አስተኝተሽ፣ ዝቃጩን ትተሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው።

ሎሚውን ደግሞ ለፊት መቅላት ብለሽ ከሆነ ያስገባሽው፣ እንዲያውም ያጠቁርሻል። ሎሚም ጤና አዳምም የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ሲድንም ጠባሳው ለወራት ጠቁሮ ይቀራል። የእኛን የደጋ ፀሐይ ታውቂዋለሽ።

የጸና መሆኑን ለማወቅ አንድ ሳምንት መደርደሪያ ላይ ማየት አይበቃም። መተማ ለሚኖር የአክስቴ ልጅ በሚያዝያ አምስት ብልቃጥ በአውቶቡስ ልኬ፣ ሲደርስ «ሾርባ ላክሽልኝ» ብሎ ደወለልኝ። እዚህ በብርድ የጸናው እዚያ በ40 ዲግሪ ተለያየ፤ አስታራቂውን ለቁጠባ 3 ግራም ብቻ አድርጌው ነበር። አሁን አንዱን ብልቃጥ ቀን ከቆርቆሮው ሥር፣ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ እያፈራረቅሁ ሦስት ጊዜ እፈትነዋለሁ። ሌላውን ጎረቤቴ የባጃጅ ሹፌር በኮብልስቶኑ ላይ ቀኑን ሙሉ ይዞልኝ ይዞራል፤ ክፍያው ለሚስቱ አንድ ብልቃጥ ነው። ከላይ ወፍራም ንብርብር ሠርቶ ስታማስዪው ከተመለሰ ጠብታዎቹ አልፈረሱም፤ ዛንታኑን በ0.1 ግራም ከፍ አድርጊ። ዘይቱ ጠርቶ ለብቻው ከቆመ ግን አልቋል፤ አስታራቂው አንሷል ወይም ሙቀቱ አልተመጣጠነም።

አሁን በእጅሽ ያለውን ድፊው፤ ለፀጉርም አይሁን። አስታራቂውና ፕሪዘርቫቲቩ እስኪመጡልሽ ድረስ ውሃ የሌለበት ቅባት ሥሪ፦ አንድ እጅ ሰም፣ አምስት እጅ የሰሊጥ ዘይት አቅልጠሽ ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጪው። ፊትሽን ታጥበሽ ሳይደርቅ በስሱ ስትቀቢው ውሃውን እዚያው ፊትሽ ላይ ያቆይልሻል። ማንኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ በክንድሽ ውስጠኛ ገጽ ተቀብተሽ ሁለት ቀን እዪው።

ሚዛን እስክትገዢ የእኔን አውስሻለሁ፤ ሳሙና በር ብቅ በዪ። ከሰኔ 30 በኋላ ግን ይሁን፤ እስከዚያ ሒሳብ እየዘጋሁ ነው።