ጥያቄና መልስ፦ ፊቱን ያላየሁት ወዳጅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሌሊት ሥራዬን ስጨርስ በቴሌግራም ስብከትና መዝሙር እሰማለሁ። እዚያው ቡድን ውስጥ ዲያቆን ነኝ ያለኝ አንድ ወንድም ተዋውቆኝ ስምንት ወር አለፈን። ያጽናናኛል፣ እንጋባለን ይለኛል፤ ሁለት ጊዜም ተቸገርኩ ሲለኝ ገንዘብ ልኬለታለሁ። በቪዲዮ እንተያይ ስለው ኔትወርክ የለም ይላል። እዚሁ አገር ለምትሠራው እኅቴ ደግሞ “ለጊዜው አትንገሪያት” ብሎኛል። ይህ እግዚአብሔር የላከልኝ ወዳጅ ነው ወይስ ማኅበራዊ ሚዲያውን እርግፍ አድርጌ ልተው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ብቸኝነትሽን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው። ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም እንዳልሆነ እግዚአብሔር የተናገረው አዳም ገና በገነት ሳለ፣ ኃጢአት ወደ ዓለም ሳይገባ ነው (ዘፍ. 2፥18)። ወዳጅ መሻትሽ እንግዲህ ከተፈጥሮሽ የመጣ ነው። በምትኖሪበት አገር በአደባባይ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፣ ቅዳሴውንም ስብከቱንም ያደረሰልሽ ይኸው ስልክ እንደ ሆነ አውቃለሁ። “ዝጊውና ተቀመጪ” የሚሉ መካሪዎች አሉ፤ እኔ ግን ይህ ደወል የሚሰማበት ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ደወል ለማትሰማ እኅት የሚሰጠው ምክር ይመስለኛልና አልደግመውም።

ነገር ግን ወዳጅነት ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ባልንጀራ የምንለው ባለ እንጀራውን፣ ከአንድ ገበታ አብሮን የሚቆርሰውን ነው። ከአንድ ገበታ የሚቆርስ ሰው እጅሽ ሲያጥርም ፊትሽ ሲጠቁርም ያያል፤ ሳትነግሪው የሚያውቀው ነገር አለ። አባቴ ያረፈ ጊዜ በስልኬ የመጣው “ነፍስ ይማር” ተቆጥሮ የሚያልቅ አልነበረም፤ የጻፉትም ከልባቸው እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። እስከ ዛሬ ከዐይኔ የማይጠፋው ግን አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ከገጠር በአውቶቡስ መጥቶ፣ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ገብቶ አጠገቤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሦስት ሌሊትም እዚያው አደረ። ምን አለህ ብባል የማስታውሰው ቃል የለም። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ሲቀመጡ አንዳች አልተናገሩም (ኢዮ. 2፥13)፤ ያሳዘኑት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

ሳኦል ዳዊትን ሊገድል በሚያሳድድበት በዚያ ጭንቅ ሰዓት፣ የንጉሡ ልጅ ዮናታን ተነሥቶ ዳዊት ወደ ተሸሸገበት ጥሻ ሄደ፤ እጁንም በእግዚአብሔር አጸናለት፤ አንተ ትነግሣለህ ብሎ ለራሱ ይጠበቅ የነበረውን ዙፋን በደስታ ተወለት (1ሳሙ. 23፥16-17)። መንገዱን ራሱ ሄደ፤ የሄደውም ሊሰጥ ነው። አንቺ ያወቅሽው ሰው በስምንት ወር ውስጥ ምን ሰጠሽ፣ ምንስ ወሰደ? ማጽናኛ ቃል መስጠቱን አልክድም፤ ደክሞሽ በምትገቢበት ሰዓት ያ ቃል ምን ያህል እንደሚጣፍጥም ይገባኛል፤ ግን ቃሉ እርሱን ምንም አላስወጣውም።

ይህን ስል በሩቅ ያለ ወዳጅ አይታመንም ማለቴ አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛይቱ መልእክቱ መጨረሻ፣ የሚጽፈው ብዙ ነገር ሳለው በወረቀትና በቀለም ሊጽፈው እንዳልወደደ፣ ደስታው ፍጹም እንዲሆን መጥቶ አፍ ለአፍ ሊነጋገር ተስፋ እንደሚያደርግ ተናግሯል (2ዮሐ. 12)። መጻፉን አልናቀም፤ እነሆ ጽፏል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የመገናኘት ምትክ አላደረገውም። አንቺም ከእናትሽ ጋር በኢሞ ስታወሪ ስልኩ የሚሸከመው በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችሽን እናት ፍቅር ነው። ከዚህ ሰው ጋር ግን ከስልኩ በፊት የነበረ ምንም ነገር የለም፤ ፎቶውንም ታሪኩንም ማዕረጉንም የመረጠልሽ እርሱ ብቻ ነው፤ ፎቶው የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ የምታውቂበት መንገድ የለሽም።

ማኅበራዊ ሚዲያው ራሱ ቃላችንን አቅልሎብናል። ፌስቡክ ለአንድ ሰው እስከ 5,000 “ጓደኛ” ይፈቅዳል፤ ያን ሽባ ተሸክመው ጣራ አፍርሰው ወደ ጌታ ያወረዱት ግን አራት ነበሩ (ማር. 2፥3-4)። በዚያ ላይ እነዚህ መድረኮች የሚያገኙት ትርፍ እኛ በቆየንባቸው ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ ዐይናችንን የሚይዘውን እያስቀደሙ ያቀርቡልናል፤ ለመንፈሳዊ ነገር የከፈትነው ስልክ ሌሊቱን ሁሉ በሌላ ነገር ይዞን የሚያድረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ እጅግ ያስጨነቀኝ “ለእኅትሽ አትንገሪያት” የሚለው ቃል ነው። ገንዘቡ እንኳ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ክፉ የሚያደርግ ሁሉ ሥራው እንዳይገለጥ ወደ ብርሃን እንደማይመጣ ጌታ አስተምሯል (ዮሐ. 3፥20)። በልጅቱ ላይ ደግ ሐሳብ ያለው ሰው ቤተሰቧን ይፈልጋል እንጂ አይሸሽም። ሲራክም ወዳጅ ስታገኝ ፈትነህ ያዝ፣ ለማመን አትቸኩል ይላል (ሲራ. 6፥7)፤ መፈተን ደግሞ ወዳጅን መበደል አይደለም።

ፈተናውም ቀላል ነው። ዲያቆን በጳጳስ እጅ የሚሾም፣ በታወቀ ደብር የሚያገለግል ሰው ነውና የደብሩንና የሀገረ ስብከቱን ስም ጠይቂው፤ ቤተሰቦችሽ ደብሩ ድረስ ሄደው የደብሩን አስተዳዳሪ ይጠይቁልሽ። እንጋባለን ካለ ደግሞ በሀገራችን ወግ መሠረት ሽማግሌ ወደ ወላጆችሽ ቤት ይላክ። አንቺ ሳዑዲ መሆንሽ ለዚህ አያግድም፤ የሽማግሌው መንገድ ወደ እናትሽ ደጅ ነው፤ ኔትወርክም አያስፈልገውም። እስከዚያው ድረስ አንድ ሪያል እንዳትልኪለት፤ ፎቶም እንዳትልኪ። የላክሽው ፎቶ ካለና በእርሱ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ደግሞ አትክፈዪ፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና ዛሬውኑ ለእኅትሽ ንገሪያት።

ኃጢአትሽንም በቴሌግራም ለማታውቂው “አባ” ጽፈሽ እንዳትልኪ አደራ እልሻለሁ። ኑዛዜ በካህን ጆሮ የሚቀር ምሥጢር ነው፤ የተጻፈው ግን በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የንስሐ አባትሽ ሀገር ቤት ካሉ ደውለሽ ምክራቸውንና ጸሎታቸውን ጠይቂ።

ስልኩን አትጣዪው፤ ሥርዓት ስጪው። ውዳሴ ማርያምሽን ሳትደግሚ አትክፈቺው። ረቡዕና ዓርብ ከመዝሙርና ከቤተሰብሽ ድምፅ በቀር ሌላውን ተይው፤ ቅዱስ ያሬድ ዐይንም አንደበትም ጆሮም ይጹም ያለው ለዚህ ዘመንም የተባለ ይመስለኛል። በአካል የምታውቂያቸው ሁለት እኅቶች ካሉ በአንድ ሰዓት እየተደዋወላችሁ አብራችሁ ጸልዩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በስሙ በምትሰበሰቡበት እርሱ በመካከላችሁ አለ።

ለዚያ ሰው የሽማግሌውን ነገር ጻፊለት። የሚመልሰውን መልስ ግን ብቻሽን አታንብቢው፤ ለእኅትሽ ደውለሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ ከዚያም ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።