ቡና ንግድ ውስጥ ለምትገቡ ልጆች

ኢኮኖሚክስ ጨርሳችሁ ቡና ላይ መስራት ለምትጀምሩ ልጆች ይሄን ልጽፍላችሁ ካሰብኩ ቆይቷል። ክላስ ውስጥ ገበያው ለብቻው መንግስት ለብቻው ሆኖ ነው የተማራችሁት፣ እኔ ቡና ውስጥ ሆኜ ዕድሜ ልኬን ያየሁት ግን ህጉ ገበያውን ሲሰራው፣ የተሰራው ገበያ ደግሞ ዞሮ ህጉን ሲያስቀይረው ነው።

በደርግ ጊዜ ኮታ ነበር፣ ገበሬው የተመደበበትን ያህል ለመንግስት ያስረክባል፣ ዋጋ ከላይ ይወሰናል፣ በዛ ዋጋ ያልተስማማ ቡናውን በኮንትሮባንድ ያሻግር ነበር። ከ1983 በኋላ ንግዱ ሲከፈት አቅራቢውም ላኪውም በዛ ግን መተማመን አልነበረም፣ ናሙናው ሌላ ጭነቱ ሌላ፣ ክፍያው ይዘገያል፣ ገበሬው ደግሞ አዲስ አበባ ጨረታ ላይ ቡናው ስንት እንደወጣ አያውቅም። ምርት ገበያው (ኢሲኤክስ) በአዋጅ 550/1999 የመጣው ለዚህ አይነቱ ችግር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መጀመሪያ የታሰበው ለእህል ነበር፣ ሚያዝያ 2000 በበቆሎ ጀመረ፣ እህሉ ግን እንደታሰበው አልመጣም፣ ቡና በህግ እንዲገባ ሲደረግ ነው ተቋሙ ነፍስ የዘራው። መጋዘን፣ ደረጃ፣ በማግስቱ የሚገባ ክፍያ፣ በሞባይል የሚታይ ዋጋ፣ እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው፣ ያልነበሩበትን ዘመን ያየ ሰው ያውቃቸዋል።

ግን ያው ደረጃ የሚባለው ነገር የአንዱን ገበሬ ቡና ተመሳሳይ ደረጃ ካገኘው ከሌላው ገበሬ ቡና ጋር መጋዘን ውስጥ አንድ ላይ አደረገው፣ ውጭ ያለው የስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው ቡና) ገዢ ደግሞ የማን ማሳ ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ መሸጥ የተፈቀደላቸው የገበሬ ህብረት ስራ ዩኒየኖች በዚህ ክፍተት አደጉ፣ የሌላውም ግፊት በረታ፣ በመጨረሻ አዋጅ 1051/2009 ቀጥታ ሽያጩን ለሌሎችም ከፈተው።

አሁን በደንብ አንብቡልኝ። ለብዙ አመት ላኪው እዚህ ቡና በውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር፣ ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ዶላር ይፈልግ ስለነበር ነው፣ በዶላሩ መኪና ወይ ብረት ወይ ሌላ ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን ይሸፍናል፣ እና ቡና ብቻ የሚልከው ሰው እንዴት ይወዳደር? የቡናን ዋጋ የሚያበላሸው የቡና ህግ አልነበረም፣ የባንክ የውጭ ምንዛሪ ህግ ነበር! ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያ ስሌት ተናጋ። ስለዚህ አንድ ዋጋ ግራ ሲያጋባችሁ ነጋዴው ስግብግብ ነው ብላችሁ አትዝጉት፣ የትኛው መስሪያ ቤት ያወጣው ህግ ነው እንዲህ እንዲያደርግ የገፋው ብላችሁ ሂዱበት፣ አንዳንዴ መልሱ ቡና የሚለው ቃል እንኳ የሌለበት መመሪያ ውስጥ ነው የምታገኙት።

ዛሬ ደግሞ የአውሮፓ ህብረት በ2023 (እ.ኤ.አ) ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ህግ ምክንያት ቡናው የበቀለበት ማሳ ጂፒኤስ እየተጠየቀ ነው። ድሮ መጋዘን ውስጥ የተቀላቀለውን አሁን ማሳ በማሳ መመዝገብ ሊኖርብን ነው፣ ምዝገባውን ደግሞ ታብሌት ይዛችሁ የምትሰሩት እናንተ ናችሁ። ዳታውን የያዘው ላኪ ብቻ ከሆነ ገበሬው ለሌላ ልሽጥ ሲል ወረቀት የሌለው ሰው ይሆናል፣ እና አደራ፣ ማሳውን ስትመዘግቡ ለገበሬው የራሱን ኮፒ ስጡት፣ የገበሬዎቹ ማህበርም ጋር አንድ ይቀመጥ።