የሚጠፋ እስክሪብቶ ልግዛ ወይ?

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ቀያሽ አዲስ እስክሪብቶ ሊያሳየኝ መጣ። ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈና በጫፉ ባለው ጎማ አሸት አሸት ሲያደርገው ጽሑፉ ድራሹ ጠፋ። ብናኝ የለ፣ ጠባሳ የለ። «ጋሼ፣ ለመስክ ደብተር ይሆናል? ልግዛ ወይ?» አለኝ።

«አይሆንም!» አልኩት። ድምፄ ሳይጠነክርበት አልቀረም መሰለኝ፣ ልጁ ደንገጥ ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው። እሱ ምን አጠፋ? ማታ ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ለሱም ለእኩዮቹም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የዚያ እስክሪብቶ ቀለም ሙቀት የሚፈራ ነው። ጎማው ቀለሙን አይፍቀውም። ሲታሽ ይሞቃል፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀለሙ መልኩን ያጣል። ወረቀቱ ላይ አለ፣ ግን አይታይም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር ደብተር ብትረሱ የቀን ሙሉ ሥራችሁ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አምራቾቹ ራሳቸው ለሕጋዊ ሰነድ አትጠቀሙበት ይላሉ።

ይሄ እንግዲህ ለልጁ የምሰጠው ምክንያት ነው። እውነተኛው ግን ሌላ ነው።

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስድስት ወሬ ነበር። ሌቭሉን፣ የመሬት ከፍታ የሚለካውን መሣሪያ፣ የማየው እኔ ነኝ። የምጠራውን ቁጥር የሚመዘግበው ደግሞ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እኔም ጋሼ ከማለት ሌላ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ጆሮው ላይ ሁልጊዜ 4ኤች የሚባል አንድ ጠንካራ እርሳስ አለ። መቅረጫ አይነካም። በትንሽ ቢላዋ እንጨቱን ረዘም አድርጎ ይልጠውና ጫፉን ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከረ ያሾለዋል። ጽሑፉ ፈዛዛ ነው፣ ግን ወረቀቱን ቦርቦር አድርጎ ይገባል። ዝናብ ቢመታው አይፈስም፣ ላብ ቢነካው አይጨማለቅም። የኔ እስክሪብቶ ደግሞ ደብተሩን ወደ ላይ አንጋጥጬ ስጽፍበት ወዲያው ይነጥፋል፤ ቀለሙ ወደ ኳሷ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነዋ።

ስለ እርሳስ የማውቀውን አብዛኛውን የነገረኝ እሱ ነው። እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም ይለኝ ነበር፤ ማለትም መጻፊያው ውስጥ ብረቱ የለም፣ ግራፋይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት አበሰለው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ይፈዛል፤ እሱ ኤች ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ እሱ ቢ ነው። ኤችቢ መሀል ላይ ነው። «መሀል ሰፋሪ!» ይለው ነበር ጋሼ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን እርሳስ በአገጩ እያመለከተ።

በኔ እርሳስ ጫፍ ላይ ላጲስ ነበረች። እሷን ነው የማይወደው። የነገሩ አስቂኝነት፣ በጣሊያንኛ ላፒስ ማለት እርሳስ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ የጻፈውን የሚያጠፋው ስሙን ወሰደበት። ላጲስን ከእርሳስ ጫፍ ጋር የማዋሐድን ሐሳብ ሊፕማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1858 አስመዝግቦት ነበር። በ1875 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት የነበሩ ነገሮችን ማገናኘት ብቻውን ፈጠራ አይባልም ብሎ ምዝገባውን ውድቅ አደረገው። ጋሼ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። በሱ ሕግ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክሉ ከላዩ ይጻፋል። የተሰረዘውም መነበብ አለበት።

አንድ ቀን ከፍታ እየለካን ከአንድ ምልክት ተነስተን ዞረን እዚያው ምልክት ላይ ጨረስን። የመጨረሻው ከፍታ ከመነሻው ጋር መግጠም አለበት። አልገጠመም። ማታ በፋኖስ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ሦስቱንም ጊዜ 18 ሳንቲሜትር ጎደለ።

ቁጥር የለመደ ሰው 18 ሲያይ ይጠረጥራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል። 18 ከመጣ አሃዞቹ በ2 ይበላለጣሉ ማለት ነው፤ 46 እና 64፣ 35 እና 53። ገጹን ከታች ወደ ላይ ስወጣ አሥራ ሁለተኛው ንባብ ላይ 1.46 ሜትር አገኘሁ። 1.64 ቢሆን ሁሉም ነገር ቁጭ ይላል። ጋሼ ሊታጠብ ወጥቷል። ኤችቢዬን አወጣሁ፣ ገለበጥኩት፣ አሸሁ። 4ኤች ደግሞ በዋዛ አይጠፋም። ወረቀቱ ፀጉር እስኪያወጣ ፈገፈግኩት። 64 ጻፍኩበት። ሒሳቡ ዜሮ መጣ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰላችሁ።

ጠዋት ጋሼ ደብተሩን ገለጠ። ያቺ ገጽ ላይ ቆየ። የሱ 4 አናቱ ዝግ ነው፣ የኔ ክፍት ነው። የሱ ቁጥር ግራጫ ነው፣ የኔ ጥቁር ነው። በአውራ ጣቱ ቦታውን ዳበሰው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ዞረን እንለካው?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እንደገና መለካቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ገጥሟል እኮ ጋሼ» አልኩት።

ደብተሩን ዘጋው።

ስህተቱ አሥራ ሁለተኛው ላይ አልነበረም። አምስተኛው ላይ ነበር፤ 2.53 መሆን የሚገባው 2.35 ተብሎ ተጽፏል። እኔ ስጠራው ተሳሳትኩ ወይስ እሱ ሲሰማው፣ ዛሬም አላውቅም። ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ያለው መሬት በሙሉ ደብተሩ ላይ 18 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቀረ። እዚያ መሀል ካለ ምልክት ተለክቶ የተቀበረው የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ ደግሞ ከታሰበው 18 ሳንቲሜትር ከፍ አለ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ቱቦው አፍ ላይ ቆመ። ተኛ። ከዚያ በጎን በኩል መንገዱን መብላት ጀመረ።

ስብሰባ ተጠራ፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ሻካራዋን ቦታ ለማግኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። «ማነው የፋቀው?» ተባለ። እኔ ከጋሼ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ዞር ብሎ አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። «ደብተሩ በኔ እጅ ነበር» አለ። የጻፈው እጅ የሱ ይሁን የሌላ ሰው፣ አጎንብሶ ያየ አልነበረም። እንደ እብድ እየመታ የነበረውን ልቤን አስታውሳለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ከመስክ አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እርሳስና ወረቀት ሲያድል ኖረ። እኔ እርሳስ ልወስድ ስሄድ «ላጲስ ያለው ነው የሌለው?» ይለኛል ፈገግ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ምን ልምከራችሁ? የትኛውን እስክሪብቶ እንያዝ ለምትሉኝ፣ የሚጽፍ ሁሉ እስክሪብቶ ነው። ውድ የሆነውማ ሰው ተውሶ ይወስደዋል። እንዲህ እላለሁ እንጂ እኔ ራሴ ጫፉ 0.7 ሚሊሜትር የሆነ ሰማያዊ ካልሆነ እጄ አይገባም። ሰማያዊ የምወደው ኮፒና ዋናው ቶሎ ስለሚለዩ ነው። ጄል የሚባለው ይንሸራተታል፣ ያምራል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ለቸኮለ እጅ አይሆንም። ኳስ ያለውን እስክሪብቶ ለወግ ያበቃው ላስሎ ቢሮ የሚባል የሃንጋሪ ጋዜጠኛም እ.ኤ.አ. በ1938 ያስመዘገበው ከዚሁ ከመጨማለቅ ለመገላገል ብሎ ነው።

እናንተ ግን አሁን አሁን እስክሪብቶ መያዝ ትታችኋል። ስብሰባ ላይ «ቆይ ፎቶ ላንሳው» ነው። ሺ ፎቶ ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ተመልሶ የሚያየው ግን የለም። ፊርማ ሲመጣ «እስክሪብቶ አለህ?» ብላችሁ የምትመጡት እኔ ጋ ነው። ስትወስዱ ክዳኑን መልሱ እባካችሁ። ልክ ነው፣ አሁን መሣሪያው ራሱ ቁጥሩን ይይዛል፣ ጠርቶ ማስጻፍ ቀርቷል። ስለ መስክ ደብተር የማወራው ያረጀሁ ስለሆንኩ ይሆናል።

ላጲስ ያለው እርሳስም አሁን ኪሴ ውስጥ አለ። ንድፍ ስሞክር ያለ እሱ አይሆንልኝም። ቁጥር ላይ ግን አላሳርፈውም።

ትናንት ልጁ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ የጠፋው ይመለሳል እኮ» አለኝ። ወረቀቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮታል። እውነቱን ነው፣ ያ ቀለም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዝ መልኩ ይመለሳል። አሳየኝ። ያጠፋቸው ቁጥሮችና በላያቸው የጻፋቸው አንድ ላይ ተነስተው ተደራርበዋል።

«ግን አይነበብም» ብሎ ሳቀ።

ተቀብዬው ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መነጽሬን ወደ ግንባሬ ሰቅዬ ወረቀቱን ዓይኔ ድረስ አስጠጋሁት። ከላይ ያለው 8 ነው። ሥሩ ያለው 3።